የማለዳው አመሰግናለሁ

እህቴ ኔሊዳና ባሏ ኦስቫልዶ በኢንተርኔት ከምክር ሰጪ ጋር ሊገናኙ በተቀጠሩበት ሐሙስ፣ ኮምፒውተሩን እንዳስተካክል የተጠራሁት እኔ ነበርኩ። ሬዲዮና ማራገቢያ ስለምጠግን ኮምፒውተርም ያውቃል ተብሎ ይታመናል፤ እኔም ይህን እምነት የማፈርስበት ምክንያት አጥቼ ኖሬያለሁ። በዚያ ላይ የምኖረው ከግቢያቸው በስተኋላ ባለችው ክፍል ነው፤ የምበላውም ከእነሱ ጠረጴዛ ነው። እምቢ ለማለት የሚያመች ኑሮ አይደለም።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ኔሊዳ ለታላቅ እህታችን ለሚርታ ደውላ አልጋ እንድታዘጋጅላት ነግራታለች። ሚርታ የምትኖረው ኔኮቼያ፣ ባሕሩ ዳር ነው፤ ከእኛ ከፓራና ተነስቶ እዚያ ለመድረስ አንድ ሌሊት ሙሉ አውቶቡስ ውስጥ መንገላታት ነው።

«ሐሙስ ከሴትየዋ ጋር እንነጋገራለን» አለችኝ ኔሊዳ። «ከዚያ በኋላም ያው ከሆነ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ደግሞ ለሽርሽር እንዳይመስልህ።»

ሁለቱ ከተነጋገሩ ሦስተኛ ወራቸውን ይዘው ነበር። እርስ በርስ ማለቴ ነው። ከእኔ ጋርማ ያወራሉ፤ እንዲያውም እንደዚያ ጊዜ ብዙ ተወርቶልኝ አያውቅም። ምሳ ላይ ፊት ለፊት ተቀምጠው «ዳርዶ፣ ጨዉን እንዲያቀብለኝ ንገረው» ትላለች። «ዳርዶ፣ ጨዉ እጇ ሥር ነው በላት» ይላል። ጨዉ በእኔ በኩል ዞሮ እስኪደርስ ሾርባዬ ይቀዘቅዛል። አንድ ቀን ታምሜ ከክፍሌ ሳልወጣ ብቀር፣ ሁለቱም ተራ በተራ እየመጡ ጠየቁኝ። ለጤናዬ ተጨንቀው እንዳልሆነ ገብቶኛል።

ምክር ሰጪ ማግኘት በእኛ ከተማ ችግር አይደለም። ችግሩ መብዛታቸው ነው። ፓራና ውስጥ ሰው ወይ የሥነ ልቦና ባለሙያ ነው፣ ወይ ባለሙያ ዘንድ ይመላለሳል፤ ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ። ዳቦ ቤት ተሰልፈን አንዷ «ትናንት የኔዋ ምን አለችኝ መሰለሽ» ስትል፣ የምታወራው ስለ ልጇ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ኔሊዳ ሦስት ሰው አስባ ሦስቱንም ተወቻቸው። አንደኛዋ የመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ ልጅ ናት። ሁለተኛው ከኦስቫልዶ ጋር ቅዳሜ ቅዳሜ ካርታ ይጫወታል። ሦስተኛዋ ደግሞ የራሷ ትዳር ሲፈርስ እዚሁ ኔሊዳ ኩሽና ውስጥ ቁጭ ብላ ያለቀሰች ናት። ስለዚህ ተፈልጎ ተፈልጎ ኮሎምቢያ ውስጥ፣ ማኒዛሌስ ከምትባል ከተማ፣ ሉዝ ዳሪ የምትባል ተገኘች። ኔሊዳ ስለ ትምህርቷም ስለ ልምዷም አልጠየቀችም። ያጣራችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚህ ዘመድ የላትም።

ከምሳ በኋላ፣ ከተማው በሩን ዘግቶ ጋደም ባለበት ሰዓት፣ ሥራ ጀመርን። ካሜራው የአፍንጫ ቀዳዳ ብቻ እንዳያሳይ የፓስታ መቀቀያውን ድስት ደፍቼ ኮምፒውተሩን ከላዩ አስቀመጥኩት። የኮምፒውተሩ ድምፅ የትንኝ ስለሚመስል፣ አንድ ደንበኛ ሳይወስደው የቀረ ትልቅ ድምፅ ማጉያ አምጥቼ ከእሱም ከኔሊዳ ስልክም ጋር አገናኘሁት። ሙሽራ ማስጨፈር የሚችል ዕቃ ነው።

«ከጀርባችን የሚታየው ምንድን ነው?» አለች ኔሊዳ።

«ማቀዝቀዣው።»

«እላዩ ላይ ያለውን የኳስ ክለብ ባንዲራ እንዲያነሳው ንገረው። ሴትየዋ መጠጥ ቤት የገባች ይመስላታል።»

«አይነሳም በላት» አለ ኦስቫልዶ። «መጀመሪያ የሷ ቅዱሳን ከግድግዳው ይውረዱ።»

«የኔ ቅዱሳን እንደሱ ክለብ መውረድ አይወዱም በለው።»

ይቺን አላስተላለፍኩም። መልእክተኛም ክብር አለው። ደግሞስ ሰምቷታል፤ ጆሮው ቀልቷል።

ቀጥሎ ወንበሮቹ ነበሩ። ኔሊዳ የራሷን አንድ ጥግ፣ የእሱን ሌላ ጥግ አስቀምጣ ጨርሳለች። ካሜራው የእሷን ግማሽ ፊት፣ የእሱን ግማሽ ፊት፣ ማቀዝቀዣውን ግን ሙሉ በሙሉ ያሳያል።

«ተጠጉ» አልኳቸው። «አለዚያ ሴትየዋ ማቀዝቀዣውን ነው የምትመክረው።»

«እሱ ይጠጋ በለው።»

«እሷ ናት የራቀችው በላት።»

ተለምነው ተለምነው ሁለቱም ወንበራቸውን የጣት ውፍረት ያህል ገፋ አደረጉ። ሲሰለቸኝ ድስቱን ከነኮምፒውተሩ እኔው ወደ ኋላ ሳብኩት።

ኦስቫልዶ ጡረታ የወጣ የአውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ተሳፋሪ ሲጮህበት እንኳ መልስ የማይሰጥ ሰው። ለቀጠሮው የእህቱ ልጅ ስታገባ የለበሰውን ነጭ ሸሚዝ አድርጓል፤ ከሥር ግን የቤት ቁምጣና ነጠላ ጫማ። ኔሊዳ ከላይ እስከ ታች አየችውና «ከወገብ በላይ ሠርግ ተጠርቷል፣ ከወገብ በታች ሊተኛ ነው» አለች። ለማን እንዳለችው አላወቅኩም። ለማቀዝቀዣው ይሆናል።

ልክ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተቀመጡ። ስክሪኑ ላይ የሚታዩት እነሱ ራሳቸው ብቻ ናቸው። ሴትየዋ የለችም። ጠበቅን። አሁንም የለችም። ሁለቱ እንደ ፓስፖርት ፎቶ ቀጥ ብለው ራሳቸውን እያዩ ቀሩ። ፊት ለፊት መተያየት ካቆሙ ቆይተዋል፤ እዚያ ስክሪን ላይ ግን ማየት ያልተከለከለ መሰላቸው። እሷ በዓይኗ ጠርዝ እሱን ትሰርቃለች፤ እሱ ቀና ሲል እሷ ቅዱሳኑን ታያለች።

«ከስቷል» አለች ድምፅዋን ቀንሳ።

«ከስተሃል ትልሃለች» አልኩት።

«ንገረው አልኩህ? አንተ ደግሞ! ንገረው ያልኩህን ብቻ ንገረው!»

የሥራው መመሪያ እስከዚያ ቀን ግልጽ አልተደረገልኝም ነበር።

በኔሊዳ ስልክ፣ በራሴ ስም ለሉዝ ዳሪ መልእክት ጻፍኩላት። ወዲያው በድምፅ መለሰች፤ ማጉያው ደግሞ ኩሽናውን እንደ ስብከት በድምፅዋ ሞላው።

«የተከበሩ አቶ ዳርዶ፣ እንደምን ዋሉ። እዚህ እኛ ዘንድ ገና ዘጠኝ ሰዓት ነው። የቀጠርኩት በእኔ አሥራ አንድ ነበር፤ እናንተ ዘንድ ያኔ አንድ ሰዓት ምሽት ይሆናል። ሳላስረዳ በመቅረቴ ይቅርታ ያድርጉልኝ። እስከዚያ ወይዘሮ ኔሊዳም አቶ ኦስቫልዶም ነገሩ የጀመረበትን ዕለት ለየብቻ፣ በአጭሩ፣ በድምፅ ቢልኩልኝ ሥራችንን ያቀልልናል። በጣም አመሰግናለሁ።»

በመጨረሻዋ ቃል ላይ የኔሊዳ ዓይን ጭፍን ሲል አየሁት።

«እርስዎ አለችኝ» አለ ኦስቫልዶ። «መቶ ዓመቱ ነው ብላችሁ ነው የነገራችኋት?»

«እዚያ አገር ለውሻቸውም እርስዎ ነው የሚሉት» አልኩት። የሰማሁትን ነው፤ ውሻውን አላየሁትም።

ኔሊዳ ስልኳን ይዛ ወደ ግቢው ወጣች፤ ሎሚው ሥር ቆመች። የኩሽናው መስኮት ክፍት ነው። ለመስማት አልሞከርኩም፤ ላለመስማትም አልደከምኩም።

«ዶክተር» አለች፤ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ያ ከባዱ ሙቀት የነበረ ጊዜ ነው፤ ማክሰኞ ጠዋት። እንደ ሁልጊዜው ማቴ አዘጋጅቼ ሰጠሁት። ጠጣና መለሰልኝ። ከዚያ ‹አመሰግናለሁ› አለኝ። ይኸው ነው።»

ልካ ጨረሰች። ከዚህ በላይ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ሰው በዓለም ላይ አለ ብላ አላሰበችም። እኔም አላሰብኩም። ማቴ የሚባለውን የቅጠል መጠጥ ስትጠጣ ቀጂዋ ቅጠሉ ያለባት ቅል ውስጥ ሙቅ ውሃ ጨምራ ትሰጥሃለች፤ በመምጠጫው ስበህ ትጨርስና ቅሏን ዝም ብለህ ትመልሳለህ፤ ተራህ ሲደርስ ደግሞ ትቀበላለህ። ምስጋና የሚባል ነገር የለም። አመሰግናለሁ ካልክ በቃኝ፣ ከእንግዲህ አትስጪኝ ማለትህ ነው። ይህን እንኳን ሰው፣ ወንበር ላይ ወጥቶ ቅሏን ለመንጠቅ የሚታገል ሕፃን ያውቀዋል። እነኔሊዳ ደግሞ ከተጋቡ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት የሚያቆሙት ቴርሞሱ ባዶ ሲሆን ነበር። ኦስቫልዶ ያን ቃል ያላት በመጀመሪያዋ ቅል ነው።

የሉዝ ዳሪ መልስ ሲመጣ ኔሊዳ እዚያው ሎሚው ሥር ሆና ስልኳን ነካችው። ስልኩ ግን አሁንም ከማጉያው ጋር እንደተገናኘ ነበር። ድምፁ ኩሽና ውስጥ፣ ልክ ከኦስቫልዶ ጆሮ ሥር ፈነዳ።

«ወይዘሮ ኔሊዳ፣ ስላካፈሉኝ አመሰግናለሁ። ባለቤትዎ ለሰጧቸው ነገር ማመስገናቸው እጅግ ደስ ይላል፤ ስንቱ ባል ይህንን አያደርግም። እና ቅር ያሰኘዎት የቱ ላይ ነው? ምናልባት ድምፁ ተቆርጦብኝ ይሆን?»

ከዚያ ኔሊዳ መናገር ጀመረች፤ አሁንስ ስልክም የሚያስፈልጋት አይመስለኝም፣ ኮሎምቢያ ድረስ በባዶ ድምፅ ይሰማል።

«ምንም አልተቆረጠም! በቃኝ አለኝ ነው የምልሽ!» በንዴቷ እርስዎውን ትታ አንቺ አለቻት። «እኛ ዘንድ በማቴ ላይ አመሰግናለሁ ማለት በቃኝ ማለት ነው! ከዚያ ጀምሮ አንድ ቀን ቅሌን አልነካም። ማክሰኞ ማክሰኞ ዓሣ ላጠምድ ብሎ ይወጣል፤ ዓሣ አይደለም ቅርፊት ይዞ አልመጣም! የሌላ ሴት ማቴ እየጠጣ ነው እንጂ የትኛው ወንዝ ነው ዓሣ የሌለው? ይህን ስሚልኝ!»

ኦስቫልዶ ወደ እኔ ዞረ። ፊቱ አስፋልት መስሏል።

«ዳርዶ። የማቴው ነገር ነው እንዴ?»

«አንተ ምን መስሎህ ነበር?»

«የጣሪያው። የሚያፈሰውን ጣሪያ እጠግናለሁ ብዬ ስላልጠገንኩ የተቀየመችኝ መስሎኝ።»

ለካ ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ጣሪያ ላይ ሲንጠላጠል የከረመው ለዚህ ኖሯል። ጣሪያው አሁን ከካቴድራሉ ይጠነክራል፤ እሷ ግን ቀና ብላም አላየችው።

ኔሊዳ ገባች። እኛን አየች፤ ማጉያውን አየች።

«ሰማ?»

«መንደሩ ሰምቷል» አልኳት።

ኦስቫልዶ ተነሳ። እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፍቶት ቁምጣው ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

«ዓሣ ላጠምድ አልሄድኩም በላት» አለኝ።

«ይኸው! አመነ!»

«ወንዙን ተሻግሬ ሳንታ ፌ፣ ሐኪም ቤት ነበርኩ በላት። መዋጥ አቅቶኝ ነበር በላት። ምራቄ እንኳ ሲወርድ ያቃጥለኝ ነበር። በጉሮሮዬ ካሜራ ያለው ቱቦ ከተቱብኝ በላት። እስኪጣራ ድረስ ትኩስ ነገር በአፍህ እንዳይዞር አለኝ ሐኪሙ በላት።»

ለማስተላለፍ አፌን ከፈትኩ። የሚጠብቀኝ ግን አልነበረም።

«የምን ቱቦ?» አለችው ኔሊዳ።

እሱን ነው ያለችው። ዓይን ዓይኑን እያየች። እኔ ቀስ ብዬ ወደ መታጠቢያው ጠጋ አልኩ፤ ሥራዬን የተነጠቅኩ ያህል ተሰማኝ፤ ደስታም ነበረው።

«ቱቦ ነዋ። ጥቁር፣ ረጅም።»

«ለምን አልነገርከኝም? እኔ ምንህ ነኝ? ጎረቤትህ ነኝ?»

«እናታችሁን ስንት ዓመት አስታመምሽ ኔሊ። እሷን ቀብረን ገና ሳትተኚ ሌላ በሽተኛ ላሸክምሽ? መጀመሪያ ልወቀው አልኩ። ክፉ ከሆነ ያኔ እነግርሻለሁ አልኩ።»

«እና አመሰግናለሁ ትለኛለህ?»

«ታዲያ ምን ልበል? በዝምታ ብመልስልሽ ሌላ ልትቀጂልኝ ነው። በትሕትና ልተው ብዬ ነዋ።»

«በትሕትና!» አለች። «በትሕትና! ቅሉን አንስተህ በመስኮት ብትወረውረው ይሻለኝ ነበር! አበደ እላለሁ፣ ሐኪም እጠራለሁ!»

ከዚያ ድንገት ንዴቷ ከላይዋ ተገፈፈ። ወንበሩን በእጇ ፈልጋ ተቀመጠች።

«ውጤቱስ?» አለች።

ያን ጊዜ እኔም መታጠቢያውን ያዝ አደረግኩ። አጎታችን እንዲህ በጉሮሮው ጀምሮት ነው የሄደው።

«ደህና ነው» አለ ኦስቫልዶ።

«ደህና ማለት ምን ማለት ነው?»

«ደህና ማለት ደህና ነዋ። ክፉው ነገር አይደለም። ቁስለት ነው። የፈላ ውሃ ስንት ዓመት ስትጠጣ ኖርክ አለኝ ሐኪሙ፤ ከተወለድኩ ጀምሮ አልኩት። ለብ አድርገህ ጠጣ፣ መድኃኒቱን ዋጥ፣ ሂድ አለኝ።»

ኔሊዳ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ኦስቫልዶ ሊነካት እጁን ዘረጋና መለሰው፤ እንደገና ዘረጋና ጀርባዋ ላይ አሳረፈው። አልገፋችውም። ቀና ስትል ጉንጯ ርሷል፤ አፏ ግን ለሳቅም ለስድብም የተዘጋጀ ይመስል ነበር።

«መቼ ነው ይሄን የነገረህ?»

ኦስቫልዶ ጣሪያውን አየ። «ያለፈው... ማክሰኞ።»

«የትኛው ማክሰኞ? ከትናንት ወዲያ?»

«የዚያን የፊተኛው።»

«ኦስቫልዶ! ከሳምንት በላይ ጤነኛ ሆነህ ዝም አልክ?»

«አታናግሪኝማ!»

«እኔ ባላናግርህ አንተን ማን አፍህን ያዘህ?»

«በዳርዶ ልልክልሽ ነበር። ኋላ ደግሞ፣ ይሄ በዳርዶ የሚላክ ነገር አይደለም ብዬ ተውኩት።»

ትንሽ ቅር አለኝ። ስንት ጨው አመላልሼ።

ኔሊዳ ተነስታ በኩሽና ፎጣ ትከሻውን መታችው፤ አንዴ፣ ሁለቴ። ከዚያ ፎጣውን ጥላ አገጩን ያዘች።

«አፍህን ክፈት።»

«ምን ሊታይሽ ነው?»

«ክፈት ብያለሁ! ዳርዶ፣ የስልኬን መብራት አብራልኝ።»

አበራሁላት። ከሸሚዙ አንገት ጋር እየታገለች አንገቱን ወደ ኋላ አጠፈችው፤ መብራቱን ወደ ጉሮሮው እንዳስጠጋ በክርኗ ገፋችኝ። ኦስቫልዶ «አአአ» ይላል። እሷ «ዝም በል፣ ልይበት» ትላለች። ዝም ብሎ አአአ ማለት እንዴት እንደሚቻል እኔም አላወቅኩም። ከአጎራባቹ ግቢ ሬዲዮ የኳስ ጨዋታ ያስተላልፋል፤ ኦስቫልዶ አፉን እንደከፈተ ጆሮውን ወደዚያ ሲያቀና አየሁት። ጤናው መመለሱን ያመንኩት በዚያ ነው።

በዚህ መሀል ስክሪኑ ላይ ሦስተኛ ፊት መጣ። አጭር ፀጉር፣ መነጽር፣ ከጀርባዋ በሥርዓት የተደረደሩ መጻሕፍት። ሉዝ ዳሪ ናት። የኔሊዳን ጩኸት ሰምታ ሥጋት ገብቷት ኖሮ፣ ሰዓቷን ሳትጠብቅ ገብታለች። ከፊት ለፊቷ የምታየው ግን አንዲት ሴት የባሏን መንጋጋ ፈልቅቃ ስትይዝ፣ አንድ ሌላ ሰውዬ ደግሞ አፉ ውስጥ መብራት ሲያበራበት ነው።

«ወይዘሮ ኔሊዳ» አለች በጥንቃቄ። «ሁላችሁም ደህና ናችሁ?»

«አንድ ጊዜ ይታገሡኝ ዶክተር» አለች ኔሊዳ ዞር ሳትል። «ጤነኛ ነው!»

ሴትየዋ ያንን እንዴት እንደወሰደችው እንጃ። እስክሪብቶ አንስታ አስቀመጠች።

ከዚያ ኔሊዳ በሁለት አረፍተ ነገር ነገሯን ጨረሰችላት። ሴት የለችም፤ ካንሰርም የለም። ሉዝ ዳሪ አዳመጠች፣ መነጽሯን አወለቀች፣ ዓይኗን አሸት አደረገች፣ መልሳ አጠለቀች።

«እንዲያ ከሆነ» አለች፣ «ቀጠሮውን ብሰርዘው ይሻላችሁ ይሆን?»

«ኧረ በፍጹም!» አለች ኔሊዳ። ወንበሯን ጎትታ ከባሏ ወንበር ጋር አጋጨችው። «ይቀመጡ። እኔ ሦስት ወር ሙሉ በሆዴ ያጠራቀምኩት አለኝ፤ አሁን ዝም ብዬ ልዋጠው? በሰው ፊት ነው የምናገረው። አንተም ትመልሳለህ፤ በትሕትና ግን እንዳትመልስልኝ!»

«እሺ» አለ ኦስቫልዶ። ፊቱ ላይ ያየሁት ነገር ፍርሃት አልነበረም። ተሳፋሪ ሁሉ ወርዶለት፣ መኪናውን አቁሞ፣ እግሩን የዘረጋ ሾፌር ይመስል ነበር።

«ዳርዶ» አለች እህቴ። «አንተ ውጣ። በሩን ዝጋው።»

ወጣሁ፤ ዘጋሁት። ሎሚው ሥር ባለችው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከውስጥ ኔሊዳ ስትጮህ፣ ኦስቫልዶ ሲመልስ፣ እንደገና ስትጮህ፣ እሱም ሲጮህ ይሰማል። ኦስቫልዶ ሲጮህ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ደህና ድምፅ አለው። በየመሀሉ የሴትየዋ ቀጭን ድምፅ «ተራ በተራ፣ እባክዎን» ይላል። ማንም አይሰማትም።

የኔ ስልክ ጠራ። ሚርታ ናት፣ ከኔኮቼያ።

«እህ፣ ምን ሆኑ? ቅዳሜ ትመጣለች ወይስ አትመጣም? አልጋውን ከጎረቤት ተውሼ አስገብቼልሻለሁ በላት።»

«አትመጣም።»

«ይሄ ጩኸት የማን ነው?»

«የነሱ ነው። መነጋገር ጀመሩ።»

ቀጥሎ የመጣው ረጅም ትንፋሽ ነው፤ ባሕሩ ራሱ የተነፈሰ ነበር የመሰለኝ።

«እፎይ! ተመስገን ጌታዬ!» አለች ሚርታ። «አየህ ዳርዶ፣ እህቴን እወዳታለሁ፤ ነፍሴን እሰጣታለሁ። ግን ያኔ ለአንድ ሳምንት መጥታ ዕቃዬን በሙሉ ቦታ ቀየረችብኝ፤ የሾርባ ማንኪያዬን እስከ ዛሬ አላገኘሁትም። እሷን እምቢ እንዳልል እህቴ ናት፣ እሺ እንዳልል ደግሞ... እርግጠኛ ነህ አትመጣም?»

ከኩሽናው ኔሊዳ «ታስታውሳለህ ወይስ አታስታውስም?» ስትል ተሰማ። ኦስቫልዶ «እንዴት አላስታውስም!» አላት። ከዚያ የሆነ ነገር ወደቀ፤ ሁለቱም ሳቁ፤ ሴትየዋም ሳቀች።

«እርግጠኛ ነኝ» አልኳት ሚርታን። «አልጋውን መልሺው።»